እትዬ ከድጃ ስልኳን አልከፈተችም

እትዬ ከድጃ ማረፏን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ሾፌሩ ስልኩን ከመሪው አጠገብ ሰክቶ፣ ድምፁን ለቆ፣ ከአንድ ወዳጁ ጋር ስለ ጎማ ያወራ ነበር። በወሬው መሐል ወዳጁ፣ «ልብስ ነጋዴዋ ከድጃ አረፈች አሉ። አዲስ አበባ ልጇ ዘንድ ለሕክምና ሄዳ፣ እዚያው ተቀብራ ነው የተሰማው» አለ። ሾፌሩ «ያቺ ግትሯ ሴትዮ?» ብሎ ጠየቀ። ወዳጁ «አዎ እሷ» አለውና ወደ ጎማቸው ተመለሱ። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። መንገዴ ገና ቢሆንም አስቁሜው ወረድሁ፤ ዝናቡንም ልብ አላልሁት።

ግትር። ዲላ ውስጥ ስሟ ሲነሳ አብራ የምትነሳው ቃል ይህች ናት። እኔ ግን ለብዙ ዓመት የልብስ ስፌት መኪናዬን በሱቋ በረንዳ ላይ ተክዬ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ጠዋት ስትከፍትም ማታ ስትዘጋም አያታለሁ። ግትር ማለት እሺ ሊባል የሚገባውን ነገር እንቢ የሚል ሰው ነው። እሷ እንቢ ያለችው እንቢ ሊባል የሚገባውን ነው። ልዩነቱ የማይታየው ሰው ካለ አረፍ ብሎ ይስማኝ።

እትዬ ከድጃ ከጉራጌ አገር በሙሽርነት ዲላ የመጣች፣ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በንግድ ያሳደገች ሴት ነበረች። አጠር ብላ ደልደል ያለች ናት። ቀሚስ፣ ሻርፕ፣ ብርድ ልብስ ከሞያሌ እያመጣች ትሸጣለች። ጌዴኦኛውን ከገበያ ሴቶች እኩል ትናገራለች፣ በአማርኛ ትቀልዳለች፣ ስትጸልይ ብቻ ድምፅዋ አይሰማም። ስትናደድ አትጮህም። የታጠፈ ልብስ ከመደርደሪያ ታወርድና ፈትታ እንደገና ማጠፍ ትጀምራለች። እኔ ይህን ካየሁ አንገቴን ወደ ስፌቴ እቀብራለሁ። አንድ ቀን ከቀሚስ ላይ ያሳጠርሁት ጫፍ ተንጋዶብኝ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ስታጥፍብኝ ውላለች።

ልጇ ዘመናዊ ስልክ ሲያመጣላት እንዲህ ያለው ስልክ በከተማው ገና በየሰው እጅ አልገባም ነበር። መጀመሪያ የተጠቀመችበት ዓረብ አገር ካለችው የእህቷ ልጅ ጋር በድምፅ መልእክት ለመጨዋወት ነው። ከዚያ አንዲት ደንበኛዋ፣ የእሷም ልጅ ዓረብ አገር ናትና፣ «እስቲ ለኔም» አለቻት። ከዚያ የዚያች ጎረቤት መጣች። ጥቂት ቆይቶ በገበያ ቀን ከጪጩም ከወናጎም የሚመጡ እናቶች ቡናቸውንና ቆጯቸውን ሸጠው ሲያበቁ ቀጥታ ወደ እትዬ ከድጃ ሱቅ ሆነ። ልጆቻቸው የሚያውቁት የእሷን ቁጥር ነው፤ ድምፃቸውን የሚልኩት በእሷ ስልክ ነው።

ታዲያ አሠራር ነበራት። በሱቋ ጥግ ሴቶች ልብስ የሚለኩባት በመጋረጃ የተከለለች ቦታ አለች። እናትየዋ ስትመጣ እትዬ ከድጃ የልጇን መልእክት ፈልጋ፣ የምትጫነውን አሳይታ፣ ስልኩን በእጇ ሰጥታ መጋረጃውን ትዘጋለች። ራሷ ወደ በሩ ትወጣና «ግርማ፣ መኪናህን ርገጥ» ትለኛለች። የስፌት መኪናዬ አሮጌ ስለሆነ ሲረገጥ በረንዳውን ሁሉ ያንቀጠቅጣል። የምሰፋው ኖረም አልኖረም እረግጣለሁ። ከመርፌው ስር ክር እንኳ ሳይኖር ስረግጥ ያየ መንገደኛ ጤንነቴን ሳይጠራጠር አልቀረም። ከመጋረጃው ጀርባ አንዷ ትስቃለች፣ ሌላዋ ታለቅሳለች። ያን ያህል እንሰማለን፤ ከዚያ ያለፈ ግን አንዲት ቃል አልሰማንም።

በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤታችን አንድ ጊዜ መጥታ፣ «የወናጎዋ ሴትዮ ልጅ እዚያው አረብ አገባች የሚባለው እውነት ነው?» አለቻት።

«ስልኬን ሬዲዮ አደረግሽው እንዴ?» አለች እትዬ ከድጃ፣ ልብስ እያወረደች። ሴትየዋ ልብሱ ሲወርድ ስታይ በርበሬዋ ትዝ አላትና ሄደች።

እኔም አላስችል ብሎኝ ጠይቄያታለሁ። «አንቺ ራስሽ ግን አትሰሚውም?»

«ሰው ቤት ስትገባ አልጋ ሥር ጎንበስ ብለህ ታያለህ?»

«አላይም።»

«በል ሥራህን ሥራ።»

ከእነዚያ እናቶች አንዷ የጪጩዋ ታደለች ነበረች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ እግሯን በር ላይ ጠርጋ የምትገባ ሴት። ልጇን ምህረትን ዓረብ አገር የላከው እዚሁ ዲላ ያለ ደላላ ነው። ልጅቷ የገባችበት ቤት ክፉ ሆነባት። እንቅልፍ አታገኝም፣ ይመቷታል። አንድ ቀን በር ተከፍቶ ስታገኝ ወጥታ ጠፋች። አሠሪዎቹ ደላላውን ያዙት፣ ደላላው ደግሞ ታደለችን ያዛት። «ያለችበትን ተናገሪ፣ ወደ ቤታቸው ትመለስ፣ አለበለዚያ እዚያ ባሉት ሰዎቼ ራሴ አስይዛታለሁ» ይላታል። ታደለች ግን የት እንዳለች አታውቅም። በሕይወት መኖሯንም አታውቅም። በየገበያው ቀን መጥታ እትዬ ከድጃን በዓይኗ ብቻ ትጠይቃታለች። እትዬ ከድጃ ራሷን ትነቀንቃለች። ታደለች ነጠላዋን አጣፍታ ትመለሳለች።

ደላላውም ወደ ሱቁ መጥቶ ያውቃል። «እትዬ፣ ምህረት ባንቺ ስልክ ትልካለች አሉ» አለ፣ መደርደሪያውን ተደግፎ። «ልብስ ትገዛለህ ወይስ በሬን ትለቅልኛለህ?» አለችው። ቆሞ ቆሞ ለቀቀላት። ወንድሙ የፍራሽ ነጋዴ ነበር፤ እንደኛው ሞያሌ ይመላለሳል። ይህን ሰው ያዙልኝ፣ ከኋላ ይመጣል።

በዚያው ሰሞን በሞያሌ መንገድ ላይ ፍተሻው ጠነከረ። በፊት የሚፈተሸው ሻንጣና ማዳበሪያ ነበር፤ ለዚህ ለምደናል። ቆይቶ ስልክ መጣ። ሰው ከመኪና ወርዶ ይሰለፋል፣ ስልኩን ከፍቶ ለፈታሹ ይሰጣል፣ ፈታሹ እንደ ራሱ ኪስ ይበረብረዋል። ፎቶ ያያል፣ መልእክት ያነባል፣ የተቀረጸ ድምፅ ሰው ፊት ያሰማል። ምን እንደሚፈልግ አይናገርም፤ ብትጠይቀው መጠየቅህ ራሱ ጥርጣሬ ይሆንብሃል። የመኪና ረዳቶች ዘዴ አበጁ። ኬላው ጥቂት ሲቀረው ረዳቱ ይነሳና «ስልክ የምታጸዱ አጽዱ» ይላል። ያኔ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ኑሮ ማጥፋት ይጀምራል። የሰርጉን ፎቶ የሚያጠፋ አለ፤ የሞተ ወንድሙን ድምፅ የሚያጠፋ አለ። እኔ የልጄን የክርስትና ፎቶ አጥፍቻለሁ። ምን ያስጠረጥረኛል ብዬ እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም፤ እጄ ብቻ ፈራ። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ያን ጊዜ ጨርቅ ልመርጥ አብሬያት ሞያሌ ሄጄ እየተመለስን ነበር። ያቤሎ ስንደርስ ኔትወርክ መጣና የእትዬ ከድጃ ስልክ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። የማን መሆኑን ለማወቅ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው፣ ወዲያውም አቆመችው። ፊቷ በራ።

«ምህረት ናት» አለችኝ በሹክሹክታ። «‹እማ እኔ ነኝ፣ አሁን ያለሁት› ስትል አቆምሁት።»

«ጨርሰሽ ስሚው እንጂ።»

«ታደለች ሳትሰማ?» አለችና በአገጯ ወደ ኋላ ጠቆመችኝ። የደላላው ወንድም ከኛ ጀርባ፣ መስኮት ተደግፎ፣ ዓይኑን እኛ ላይ ተክሎ ተቀምጧል።

ትንሽ እንደሄድን ረዳቱ ተነስቶ የተለመደውን አለ። ሰው አንገቱን ደፋ። እትዬ ከድጃ ስልኳን ቆልፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ብታጠፋው ልጅቷ ያለችበት ጠፋ፤ ብትከፍተው የደላላው ወንድም ሰማ።

የኬላውን ስም አልጠራም። ወርደን ተሰለፍን። ወጣቱ ፈታሽ መጀመሪያ የኔን ተቀበለኝና ሚስቴ የጻፈችልኝን ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ወገብህን ቅባት መቀባት እንዳትረሳ።» ሰው ሳቀ። እኔም ምን ላድርግ፣ አብሬ ሳቅሁ። እትዬ ከድጃ አልሳቀችም። ተራዋ ደረሰ።

«እናቴ፣ ስልክሽን ክፈቺና ስጪኝ።»

«ሻንጣዬ ያው፣ ማዳበሪያዬም ያው። ዘርግፍ። ስልኩን አልከፍትም።»

«ምን ደብቀሽ ነው?»

«የደበቅሁት የለም። ያስቀመጥሁት ነው ያለው። የሰው ነው።»

«ስልኩ ያንቺ አይደለም?»

«ስልኩ የኔ ነው። ወሬው የናቶች ነው።»

«እናቴ፣ ሚስጥር የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?»

እትዬ ከድጃ ልጁን ከላይ እስከ ታች አየችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወላሂ እሺ። መጀመሪያ ያንተን ክፈትና ለዚህ ሕዝብ አሰማው። እናትህ የላከችልህን፣ የምትወዳት ልጅ የላከችልህን አሰማን። አንተ ስትጨርስ እኔ እቀጥላለሁ» አለችው።

ልጁ ቀላ። ሰልፉ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ወደ ማጉረምረም ተለወጠ። ጸሐዩ ያቃጥላል። «እትዬ፣ ክፈቺለትና እንሂድ» አሉ። «ለምን ታስጠብሺናለሽ» አሉ። የተሳፋሪው ቁጣ ከፈታሹ ይልቅ ወደ እሷ ዞረ፤ የገረመኝም ይህ ነው። የራሱን ስልክ ያስበረበረ ሰው ሁሉ ያላስበረበረችውን ጠላት።

በዚህ መሐል የኬላው ኃላፊ መጣ። ነገሩን ሰምቶ፣ «በየትኛው ቋንቋ ነው የተቀረጸው?» ብሎ ጠየቃት። «በጌዴኦኛ» አለችው፤ መዋሸት አልፈለገችም። ይኼኔ የደላላው ወንድም ከሰልፉ ወጣ። «እኔ ቋንቋውን በደንብ አውቃለሁ። ላስተርጉምላችሁ» አለ። እንዲህ ያለ ሕግ አክባሪነት ታይቶበት አያውቅም።

«አንተ ፍራሽህን ጠብቅ» አለችው እትዬ ከድጃ፣ ዘወር ብላ ሳታየው።

ኃላፊው ቁርጡን ነገራት። ካልከፈተች ከዚህ አታልፍም፤ ዕቃዋም አያልፍም። ከደረቷ ሊያወጡት ወንዶቹ አልደፈሩም፣ ሴት ፈታሿ በዚያ ቀን አልነበረችም። እትዬ ከድጃ እኔን ወደ ጎን ሳበችኝ።

«አንተ ሂድ። ጪጩ ውረድና ታደለችን ይዘሃት ና። ስልኩን የምከፍተው ለእሷ ነው። ከዚያ ወዲያ እሷ ታዛለች።»

«እትዬ፣ ዕቃሽን ይወስዱታል እኮ።»

«ልብስ ነው፣ ግርማ። ሂድ አልሁህ።»

መኪናው ሲነሳ በመስኮት አየኋት። ፈታሾቹ ማዳበሪያዋን መሬት ላይ ዘርግፈውታል። እሷ ከኬላው አጠገብ ካለችው ሻይ ሻጭ ዳስ ሥር ተቀምጣ አንድ ቀሚስ አንስታ ማጠፍ ጀምራለች። እንዲህ ተናድዳ አይቻት አላውቅም።

ጪጩ ስወርድ ታደለችን ጓሮዋ እንሰት ስትፍቅ አገኘኋት። አፌን ሳልከፍት ቢላዋውን ጣለችው። እሷ አማርኛ ስትናገር ወንዱንም ሴቱንም አንድ ታደርገዋለች፤ «ልጄ አለ?» አለችኝ።

«አለች። ድምፅዋ መጥቷል። እትዬ ከድጃ ለማንም አልሰጥም ብላ ኬላ ላይ ቀርታለች።»

እጇን ታጥባ ነጠላዋን አነሳች። በማግስቱ ጠዋት በተገኘው የመጀመሪያ መኪና ወደ ኋላ ተመለስን። ኬላው ስንደርስ የተዘረገፈው ልብስ በሙሉ ታጥፎ ተደርድሮ ነበር። ሻይ ሻጯ አሳድራታለች። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ያየናል፤ እሱም ያልተኛ ይመስላል።

እትዬ ከድጃ ስልኩን አውጥታ ከፈተችው። የምትጫነውን አሳየቻት። ከዚያ ጀርባዋን ለታደለች፣ ፊቷን ለኬላው ሰጥታ ነጠላዋን ዘረጋች፤ ዲላ ያለው መጋረጃ የለም መቼም። እኔ ደግሞ የምረግጠው መኪና ስላጣሁ ከሻይ ሻጯ ጋር ስለ ስኳር መወደድ ጮክ ብዬ ማውራት ጀመርሁ። ታደለች ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ረዥም ጊዜ ቆየች። ደግማ ሰማችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የሰማችውን በቃሏ እየያዘች ነበር። ሲያልቅ ስልኩን መልሳ ሰጠቻትና እንባዋን ጠረገች። እትዬ ከድጃ ቆልፋ ደረቷ ውስጥ መለሰችው።

ኃላፊው ቀረበ። «ይኸው ባለቤቷ መጣች፣ ሰማች። አሁን እኛም እንስማና ሂዱ። ምን አለች ልጅሽ?»

ታደለች ያቺ ደላላውን ፈርታ ስትንቀጠቀጥ የማውቃት ሴት ናት። በመንገድ ላይ የወረዳ ሠራተኛ ስታይ እንኳ ዞራ ትሄዳለች። ቀና ብላ አየችው።

«ደና ነው አለ።»

«የት ናት?»

«እኔ ሰማሁ። በቃ።»

«እኛም መስማት አለብን እኮ፣ እናቴ።»

«በቃ» አለች ታደለች እንደገና፤ እትዬ ከድጃ አጠገብ ሄዳም ክንዷን ያዘች።

ኃላፊው ሁለቱን ሴቶች አያቸው። በስልክ ጉዳይ የሚከስበት አንቀጽ እንዳልነበረው ያን ጊዜም ጠርጥሬ ነበር፤ ሕጉ በእጁ ቢኖር ሌሊቱን ሙሉ ባልጠበቃት። በልብሱ ግን ነበረው። ሌላ ጊዜ በዝምታ የሚያልፈውን፣ ቀረጥ ያልተከፈለበትን ሸቀጥ፣ ያን ቀን ወረሰው። እትዬ ከድጃ ያን ሁሉ ያጠፈችውን ልብስ ዞር ብላ አየችና፣ «ቢያንስ አታጨማድዱት» ብላ ወደ መንገዱ ወጣች። ወደ ዲላ ስንመለስ በእጇ የያዘችው ያን ስልክ ብቻ ነው። መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት ትከሻዬ ላይ ተኛች። ሳልንቀሳቀስ ወሰድኋት።

ያን ክረምት መደርደሪያዋ ባዶ ነበር። ግትር የሚለው ስም የወጣላት ያኔ ነው። «አንድ ደቂቃ ከፍታ ብታሳይ ምን ነበረበት፣ ሱቋን ስልክ በላው» ይላሉ። እኔም የምሰፋው አጥቼ አጉረምርሜያለሁ፤ ልዋሽ አልችልም። ባዶው ሱቅ ግን በገበያ ቀን ይሞላ ነበር። ወሬው ከጪጩም ከወናጎም አልፎ ስለነበር ከዚያ በፊት መጥተው የማያውቁ እናቶች ሁሉ መጡ። የሚሸጥ ልብስ ሳይኖር መጋረጃው ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ደላላው ከወንድሙ የሰማውን ይዞ ጪጩ ሄደ። ታደለች በሯ ላይ ቆማ፣ «አውቃለሁ። አልነግርህም» አለችው። ይህን ለጎረቤቶቿ እየደጋገመች ትናገረው ነበር፤ አለማወቋ ያስፈራት የነበረውን ያህል ማወቋ አጀገናት። ምህረት ያለችበትን ስላወቀች እዚያው ዓረብ አገር ያሉ የቤተ ክርስቲያኗን ልጆች ላከችላት። እነሱ አነሷት፤ ቆይቶም አገሯ ገባች።

ከባጃጁ ወርጄ ለቅሶው ቤት የደረስሁት ልብሴ በስብሶ ነው። ድንኳኑ ውስጥ በአንድ ወገን ሙስሊሞቹ ዱዓ ያደርጋሉ፣ በሌላው ከገጠር የመጡት እናቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ታደለች ከመሐላቸው ናት። ምህረትም አጠገቧ አለች፤ ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ልጅ ታቅፋለች። ሰው ስለ እትዬ ከድጃ ሲያወራ ነገሩ ወደዚያ ኬላ መሄዱ አልቀረም። ከሰፈራችን ነጋዴዎች አንዱ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ወደ ምህረት ጎንበስ አለ።

«እስቲ የኔ ልጅ፣ አሁንማ ሁሉም አልፏል። ሴትየዋ ሱቋን ያጣችበት ያ መልእክት ምን የሚል ነበር?»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ጆሮዬን ቀስሬ ነበር። ያን ያህል ዓመት በረንዳዋ ላይ ተቀምጬ ያን ቃል ለመስማት ያልጓጓሁበት ቀን የለም።

ምህረት ልጁን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረችው።

«እትዬ ከድጃ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም» አለች። «ለእናቴ ነው የላክሁት።»

ሰውየው ብርጭቆውን አነሳ። ሌላም የጠየቃት አልነበረም።